ስለ ዮናስ የሚባለውና መጽሐፉ የሚለው

ጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ነው። ሰኞ ይገባል፣ ረቡዕ ያልቃል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስለሚጀምር ቀኑ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ይዘዋወራል። በነዚያ ቀናት እዚህ ባሕር ዳርም፣ እግዚአብሔር ነነዌ ሄዶ እንዲሰብክ ሲልከው በመርከብ የሸሸው የነቢዩ ዮናስ ነገር ይነሳል። ወሬው ታዲያ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፦ «ፈጣሪ ከፈለገህ የት ታመልጣለህ? ምርጫ የለህም!» እኔ ይህን አልቀበልም። መጽሐፈ ዮናስ 4 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ግን ከዳር እስከ ዳር በሰው ምርጫ የተሞላ ነው።

«ዮናስ የሸሸው ፈርቶ ነው»

ነነዌ የአሦር ከተማ ናት፤ አሦር ደግሞ የእስራኤል ጠላት። ቢፈራ አይገርምም ነበር። ምዕራፍ 4 ላይ ግን ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። ወደ ተርሴስ የኮበለለው እግዚአብሔር ይቅር ባይ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ነነዌ ይቅርታ እንድታገኝ አልፈለገም። ደግሞስ ፈሪ ሰው በማዕበል መሃል ይተኛል? ባሕር ውስጥ ጣሉኝ ይላል?

ደም ተቃብቶ «አልታረቅም» ብሎ ሽማግሌ የሚመልስ ሰው አይተን እናውቃለን። ዮናስም እንደዚያ ነው። ፍርሃት ሰውን ሳያስበው ይይዘዋል። ቂምን ግን ዮናስ አውቆ ይዞታል፤ ለመርከቡም ከፍሎበታል። ለዚህ ነው «ፈርቶ ነው» ብለን ስናልፈው የታሪኩ ዋና ነገር የሚያመልጠን።

«መርከበኞቹ ጨክነው ወረወሩት»

በፍጹም። መጀመሪያ የጣሉት ጭነታቸውን ነው። ዕጣው በዮናስ ላይ ወጥቶ፣ ራሱም ጣሉኝ ካላቸው በኋላ እንኳ ወደ የብስ ሊመለሱ ቀዘፉ። ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ በደንገል ታንኳ የሚታገል ሰው ያየ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዮናስ ለነሱ እንግዳ ነው፤ አምላኩም አምላካቸው አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ቢወራላቸው ደስ ባለኝ።

«ዓሣው አስገደደው»

ዮናስ እየሰጠመ ነበር። ዓሣው ከሞት አወጣው፤ በሆዱ ውስጥ ሆኖ የጸለየውም ምስጋና ያለበት ጸሎት ነው። ከዚያ ሁለተኛ ተላከ፤ ሄደም። «ከዚህ በኋላ ማን እምቢ ይላል?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ነነዌ ስትተርፍ ምን አደረገ? ተቆጣ፣ ሞት ይሻለኛል አለ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በዓሣ ሆድ ከርሞ ልቡ ያው ነው። እግሩ ነነዌ ደረሰ እንጂ ፈቃዱ አልተነካም።

«ትንቢት ከተነገረ አይቀርም»

ዮናስ ነነዌ ትገለበጣለች ሲል «ንስሓ ካልገባችሁ» አላለም። ንጉሡ ግን ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለበሰ፤ ከብቱ ሳይቀር እንዲጾም አዘዘ። ዋስትና አልነበረውም። «ማን ያውቃል?» ብሎ ነው የተነሳው። ከተማዋም ተረፈች። ኤርምያስ 18ም ይህንኑ ይላል፤ ይፈርሳል የተባለ ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ ፍርዱ ይመለሳል።

«ዮናስ በመጨረሻ ተጸጸተ»

መጽሐፉ እንዲህ አይልም። ጥላ የሆነችውን ቅል ትል በልቷት ስትደርቅ ዮናስ አዘነ። እግዚአብሔርም ለቅሏ ካዘንህ፣ እኔ ከ120 ሺህ በላይ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ላሉባት ከተማ አላዝንምን ብሎ ጠየቀው። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል። ዮናስ ምን እንደመለሰ አልተጻፈም።