ዘጠኝ ጥሎ አራት፦ የብሪጅ ሮቦቶች ምልክት፣ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ኮንከር የሚጫወት ሰው አይጠፋም። ብሪጅ የሚችሉ አራት ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማገናኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ስለዚህ የሚቀለው ማኪያቶ አዝዞ ስልክ ላይ ከሦስት ሮቦቶች ጋር መቀመጥ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ፦ 52 ካርታ ለአራት ተጫዋች ይታደላል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ አጋሮች ናቸው። ከጨረታው በኋላ አንዱ ወገን ኮንትራቱን፣ ማለትም አሸንፋለሁ ብሎ የገባውን የዙር ብዛት፣ ይጫወታል፣ ከሁለቱ የአንዱ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ሌላው ወገን ይከላከላል። አለመግባባቱ የሚበዛው መከላከሉ ላይ፣ ተከላካዮች በሚጥሉት ካርታ ለአጋራቸው በሚሰጡት ምልክት ላይ ነው።

«ምልክት መስጠት ያው ጥቅሻ ነው።»

አይደለም። ጥቅሻ፣ ሳል፣ ሆን ብሎ ማዘግየት ክልክል ነው። ከትናንሾቹ ካርታዎች የትኛውን እንደምትጥሉ መርጣችሁ ለአጋር መንገር ግን ሕጉ ይፈቅዳል፤ ስምምነታችሁ ለተጋጣሚ ግልጽ ይሁን እንጂ።

«ሮቦቶቹ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ስላሉ ካርታቸውን ይተያያሉ።»

በአግባቡ የተሠራ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ መቀመጫ የሚሰጠው የራሱን 13 ካርታ፣ የተዘረጋውን እና እስካሁን የተጣለውን ብቻ ነው። ቢተያዩማ ምልክት ለምን ያስፈልጋቸዋል?

«ሮቦት ዘጠኝ ከጣለ አንድ ነገር ሊነግረኝ ነው።»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ኮንትራቱ 4 ኸርት ነው እንበል፤ ኸርት ትራምፕ ነው፣ ማለትም ሌላውን ዓይነት ይቆርጣል። አጋር የስፔድ አስ አወጣ፤ ሮቦቱ ከስፔድ ያለው 9 እና 4 ብቻ ነው። የራሱን 13፣ የተዘረጋውን 13 እና የወጣውን አስ ሲቀንስ ያላያቸው 25 ካርታዎች ይቀራሉ፤ እነሱ ለሁለት ሰው በ5,200,300 መንገድ ሊታደሉ ይችላሉ። ሁሉንም ስለማይፈትሽ ከጨረታው ጋር የሚስማሙ ጥቂቶችን፣ ለምሳሌ 50 ያህል፣ በዘፈቀደ ያድላል። ከዚያ እያንዳንዱን እደላ የአራቱም ካርታ ፊት ለፊት እንደተገለጠ አድርጎ እስከ መጨረሻው ይፈታዋል፤ በድምሩ የተሻለ ውጤት ያመጣውን ካርታ ይጥላል።

ችግሩ «እንደተገለጠ አድርጎ» የሚለው ላይ ነው። በዚያ ስሌት ውስጥ አጋር የሮቦቱ ስፔድ ሁለት ብቻ እንደሆነ አስቀድሞ ያያል፤ ኪንጉን አስከትሎ ሦስተኛውን ዙር በትራምፕ ያስቆርጠዋል። ለሚያይ ሰው ምን ይነገረዋል? ስለዚህ 9 እና 4 ዋጋቸው እኩል ይወጣል። ዘጠኙ የሚመረጠው ፕሮግራመሩ ለእኩልነት ጊዜ በጻፈው ደንብ ነው፦ ትልቁን አስቀድመህ ትንሹን አስከትል፤ ይህም «ከዚህ ዓይነት ያለኝ ካርታ ብዛቱ ጥንድ ነው» ማለት ነው። ዘጠኙን መጣል በስሌቱ ዙር የሚያስከፍል ከመሰለ ግን ደንቡ ይዘለላል፤ ምልክትም የለም። አንዲት ዘጠኝ ብቻ የያዘም ያንኑ ዘጠኝ ይጥላል፤ ምርጫ የለውማ።

ይህ አካሄድ ማቲው ጊንስበርግ በሠራው ጂብ በተባለ የብሪጅ ፕሮግራም የታወቀ ነው፤ ጂብ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 የኮምፒውተር ብሪጅ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ድክመት ቢኖርበትም ጨዋታው ደካማ አይደለም።

«እኔ የምሰጠውን ምልክት ሁሉ ያነበዋል።»

የሚያነብ ፕሮግራም ምልክቱን እንደ ወንፊት ይጠቀምበታል፤ ካርታችሁ ከስምምነቱ ጋር የማይገጥምባቸውን እደላዎች ይጥላል ወይም ክብደታቸውን ይቀንሳል። ወንፊቱ ከጠበቀ፣ ተገዳችሁ የጣላችሁት አንድ ካርታ ትክክለኛውን እደላ ያስወጣዋል፤ ከላላ ደግሞ ምልክታችሁ ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ፦

- ስምምነቱን ከፕሮግራሙ መግለጫ አረጋግጡ። ትልቅ ካርታ «ቀጥል» የሚባልበት አለ፣ ተገልብጦ ትንሹ የሚባልበትም አለ።
- መልሱን ካወቃችሁት ራሳችሁ ወስኑ። ለምሳሌ ለአጋር ዙሩን ከማስረከባችሁ በፊት የሚበላውን አስ ብሉ፤ ያኔ የሚሳሳትበት ነገር አይኖርም።
- ሮቦት ከማይረባ ዓይነት ሁለትና ሦስት ሲጥል ትርጉም አትፈልጉ።

«እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሮግራም ሻምፒዮኖችን ስላሸነፈ ይህ ችግር አልፏል።»

ፓሪስ ላይ ኑክ የተባለው ፕሮግራም ስምንት የዓለም ሻምፒዮኖችን በልጧል፤ ነገር ግን ጨረታ አልነበረም፣ ኮንትራቱ ሁልጊዜ 3 ኖትራምፕ (ትራምፕ የሌለበት) ነበር፣ የተጫወተውም ኮንትራቱን ብቻ ነው። አልተከላከለም፤ ለአጋርም ምልክት አልሰጠም።

የራሳችሁን ሮቦት መፈተን ከፈለጋችሁና ፕሮግራሙ እደላውን ከደገመ፣ በዚያው ቦታ አንዴ ዘጠኙን፣ አንዴ አራቱን ጥላችሁ የአጋራችሁን ቀጣይ ካርታ ተመልከቱ። እደላው በዘፈቀደ ስለሆነ አንድ ሙከራ አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ አምስት ስድስት ጊዜ ድገሙት።