አሜሪካ ውስጥ የሲቪል መሐንዲሶች ማህበር ቅርንጫፍ መምራት

የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማህበር፣ በአጭሩ ኤኤስሲኢ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 1852 ኒውዮርክ ውስጥ 12 ሰዎች ለከተማዋ ውሃ የሚያመጣውን የክሮተን ቦይ በሚያስተዳድረው መስሪያ ቤት ተሰብስበው የመሰረቱት ነው። ዛሬ ዋና ቢሮው ሬስተን ቨርጂኒያ ሲሆን አባላቱ ከ150 ሺህ በላይ ናቸው። ይሄን ሁሉ ሰው ከአንድ ቢሮ መያዝ ስለማይቻል ማህበሩ ሪጅን በሚባሉ 10 ትልልቅ ክልሎች ተከፍሏል፣ ከሪጅን ስር ሴክሽን የሚባል የአካባቢ ክፍል አለ፣ ሰፋ ያለ ሴክሽን ደግሞ ብራንች የሚባሉ ትናንሽ ቅርንጫፎች አሉት። ተራው አባል ማህበሩን የሚያውቀው በሴክሽኑና በብራንቹ ነው፣ ሬስተን ያለውን ህንፃ ዕድሜ ልኩን ላያየው ይችላል።

ለምሳሌ የሎስ አንጀለስ ሴክሽን በ1913 የተቋቋመ ነው፣ ኦሬንጅ ካውንቲ፣ ሳን በርናርዲኖና ሪቨርሳይድ፣ ሳንታ ባርባራና ቬንቹራ፣ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ እያለ ብራንች አለው። ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ከሎስ አንጀለስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ እዛ የሚሰራ ልጅ ለአንድ የምሳ ሚቲንግ ሎስ አንጀለስ ድረስ አይነዳም፣ ብራንች ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ዋሽንግተን ዲሲንና በዙሪያዋ ያሉትን የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች የያዘው ደግሞ ናሽናል ካፒታል ሴክሽን ይባላል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሀበሻ ሲቪል መሐንዲስ አባል ቢሆን የሚመደበው እዚህ ነው።

ሴክሽኑን ወይም ብራንቹን የሚመራው ፕሬዚዳንት ደመወዝ የለውም። ቀን ቀን የራሱን ስራ ይሰራል፣ ወይ የዲዛይን ድርጅት ወይ የስቴት መንገድ መስሪያ ቤት ወይ የውሃ ባለስልጣን ውስጥ፣ የማህበሩን ነገር ማታና ቅዳሜ ነው የሚነካው። የተለመደው አካሄድ መጀመሪያ ተመራጭ ፕሬዚዳንት፣ ማለትም የሚቀጥለው ዓመት መሪ፣ ሆኖ አንድ ዓመት ስራውን ማየት፣ ከዛ አንድ ዓመት መምራት፣ ከዛ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቦርዱ ላይ መቆየት ነው፣ ስለዚህ ሰው ለአንድ ዓመት የተመረጠ ቢመስለውም በተግባር ሶስት ዓመት ነው የሚሰጠው። አጠገቡ ገንዘብ ያዥ፣ ፀሐፊና ምክትሎች አሉ፣ እነሱም በነፃ። እድር ውስጥ ያገለገለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፣ ማንንም ማዘዝ አይቻልም፣ ስራውን የረሳ ሰው ከስራ አይባረርም፣ ያለህ መሳሪያ ደውሎ መለመንና ጥሩ የሰራውን በሰው ፊት ማመስገን ብቻ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ቢሮ ውስጥ ጎበዝ አለቃ የነበሩ ሰዎች እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግራ የሚገባቸው ለዚህ ነው።

ዋናው የሚታየው ስራ ወርሃዊው ሚቲንግ ነው። ተናጋሪ ይጋበዛል፣ ስለ አንድ ድልድይ ወይም ዋሻ ወይም ግድብ ይወራል፣ ምግብ ይበላል፣ የመጡት የትምህርት ሰዓት ይያዝላቸዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ፒኢ ላይሰንስ የሚባለው የመሐንዲስነት የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው በየሁለት ዓመቱ 16 ሰዓት መማሩን ማሳየት ስላለበት ለዛ ሰዓት ብሎ የሚመጣ ብዙ ነው፣ ካሊፎርኒያ ግን ለላይሰንስ ማደሻ እንዲህ ዓይነት ሰዓት ስለማትጠይቅ እዛ ያለ ፕሬዚዳንት ሰውን የሚስበው በርዕሱና በተናጋሪው ነው። ገንዘቡ ከአባላት መዋጮ፣ ከስፖንሰርና ከፕሮግራም መግቢያ ነው የሚሰበሰበው። ተማሪዎችም አሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ከኮንክሪት ጀልባ ሰርተው በመቅዘፍ ይወዳደራሉ፣ የአገር አቀፉ ውድድር ከ1988 ጀምሮ አለ፣ ጀልባዋ ውሃ ተሞልታ ወደታች ከተገፋች በኋላ ተመልሳ መንሳፈፍ አለባት። ሴክሽኑ ገንዘብና አማካሪ ይሰጣቸዋል፣ ነገ አባል የሚሆኑት እነዚህ ልጆች ስለሆኑ ከዚህ ላይ መቆጠብ ትልቅ ስህተት ነው።

አሁን ብዙ አዲስ ፕሬዚዳንት የማያስበው ነገር ህጉ ነው። ተፎካካሪ ድርጅቶች ውስጥ የሚሰሩ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ምሳ ሲበሉ ስለ ዋጋ ከተነጋገሩ የፀረ ሞኖፖል ህግ ይመጣል። ድሮ የመሐንዲሶች ማህበራት አባሎቻቸው በዋጋ እንዳይወዳደሩ በስነ ምግባር ደንባቸው ይከለክሉ ነበር፣ ኤኤስሲኢ ራሱ በ1972 ከመንግስት ጋር በፍርድ ቤት በፀደቀ ስምምነት ተወው፣ በ1978 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሌላ መሐንዲሶች ማህበርን ተመሳሳይ ክልከላ ህገ ወጥ ነው አለ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ግን የቦይለር ዕቃ ይሰራ የነበረው የሃይድሮሌቭል ካምፓኒ ጉዳይ ነው። በ1971 የሜካኒካል መሐንዲሶች ማህበር የቦይለር ኮድ፣ ማለትም የእንፋሎት ማፍያ ደህንነት ደንብ፣ ኮሚቴ ውስጥ በፈቃደኝነት ያገለግሉ የነበሩ ሰዎች፣ አንዱ የሃይድሮሌቭል ተፎካካሪ ካምፓኒ ሰው ነው፣ በማህበሩ ስም የወጣ አንድ የመልስ ደብዳቤ አዘጋጁ፣ ተፎካካሪው ያንን ደብዳቤ ይዞ የሃይድሮሌቭል ዕቃ ደህንነቱ አያስተማምንም እያለ ለገዢ አሳየ፣ ሃይድሮሌቭል ከገበያ ወጣ። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ማህበሩ ተጠያቂ ነው ብሎ ወሰነ፣ ማህበሩ እንዲያደርጉት አላዘዛቸውም ማለት አላዳነውም። ስለዚህ የብራንች ፕሬዚዳንት በማህበሩ ስምና አርማ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ፣ ሁለት መስመርም ብትሆን፣ አይቶ ነው መላክ ያለበት።

ፖለቲካም እንደዛው ነው። ማህበሩ ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ስለሆነ ለምርጫ ተወዳዳሪ ድጋፍ መስጠት አይችልም፣ ስለ መንገድና ስለ ውሃ ግን በገደብ መናገር ይችላል። ትልቁ መናገሪያው እንደ ተማሪ ለመንገድ፣ ለድልድይና ለመሳሰሉት ማርክ የሚሰጥበት የመሰረተ ልማት ሪፖርት ካርድ ነው፣ በ1998 የአገሪቱ ውጤት ዲ ነበር፣ በ2021 ሲ ማይነስ፣ በ2025 ሲ ሆነ። የስቴቶቹን ካርድ የሚያዘጋጁት የየአካባቢው ሴክሽን ፈቃደኞች ናቸው፣ እዚህ ላይ ነው የፕሬዚዳንቱ ወገብ የሚፈተነው፣ ምክንያቱም ድልድዩን ማርክ የሚሰጠው አባል ድልድዩን ከሚያስተዳድረው መስሪያ ቤት ደመወዝ የሚበላ ወይም ከዛው ኮንትራት የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ዝቅ ሲል ስልክ ይደወላል፣ አንዳንዱም የራሱ አለቃ ነው የሚደውለው። ማርኩን በመረጃ የደገፈና ለምን እንደሰጠ በፅሁፍ ያስቀመጠ ቡድን ያኔ ይቆማል፣ በግምት የሰጠ ግን ይንሸራተታል።

ዓመቱ ሲያልቅ አመታዊ ሪፖርት ወደ ሬስተን ይላካል፣ የባንክ ፈራሚ ስም ይቀየራል፣ የኢሜይል ፓስወርድና የስፖንሰሮች ዝርዝር ለሚቀጥለው ይሰጣል፣ ይሄ ርክክብ ካልተሰራ አዲሱ ሰው የመጀመሪያውን ሶስት ወር ፋይል ሲፈልግ ይጨርሳል። የወጣውም አይገላገልም፣ በብዙ ሴክሽን እጩ የሚያፈላልገውን ኮሚቴ የሚይዘው እሱ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ የሚደውለውም ባብዛኛው ፀሐፊ ፍለጋ ነው።