ባቡር ውስጥ እንቅልፍ የወሰዳት እናት፦ ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችና ስለ እስር የሚባለውና እውነታው

(ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ብዙ የሚታሰሩት ብዙ ስለሚያጠፉ ነው።»

እስቲ ጥፋት የተባለውን እንየው። በታኅሣሥ 2017 አንዲት አቦሪጂናል (ከአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆነች) እናት ከኤቹካ ወደ ሜልበርን በባቡር ስትጓዝ ጠጥታ ስለነበር እንቅልፍ ወሰዳት። ተቆጣጣሪው ፖሊስ አስጠራ። ካስልሜይን ጣቢያ ላይ አወረዷትና በአደባባይ ሰክራ ተገኝታለች ብለው አሰሯት። እዚያው ክፍል ውስጥ ወድቃ ግንባሯን ከግድግዳ ጋር ተጋጨች፤ የደረሰባትን ሳያውቁ ሦስት ሰዓት ያህል አለፈ። ከ17 ቀን በኋላ ሕይወቷ አለፈ። ሰክሮ ባቡር ውስጥ ያንቀላፋ ሁሉ ቢታሰር ኖሮ የሜልበርን እስር ቤቶች በአንድ ቅዳሜ ሌሊት ሞልተው ባደሩ ነበር።

«እስር ቤት ከገቡ በኋላ ከሌላው እስረኛ በበለጠ ይሞታሉ።»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ተቆርቋሪዎች ናቸው፤ ግን ስተዋል። በ1987 የተቋቋመው የንጉሣዊ ኮሚሽን (መንግሥት የሚያቋቁመው ከፍተኛ አጣሪ አካል) በእስር ላይ የሞቱ የ99 ነባር ሕዝቦችን ጉዳይ አንድ በአንድ መርምሮ በ1991 የደረሰበት ሌላ ነው። በእስር ላይ ያሉት ነባር ሕዝቦች የሚሞቱበት መጠን ከሌላው እስረኛ አይበልጥም። ችግሩ በሩ ላይ ነው፦ ከሕዝብ ብዛታቸው ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል። ኮሚሽኑ በእስረኛ አያያዝ ላይ ያገኘው ጉድለትም ቀላል አልነበረም።

«ያ ሁሉ ድሮ ቀርቷል።»

ኮሚሽኑ 339 ምክረ ሐሳቦች ሰጠ። አንዱ በአደባባይ መስከር ወንጀል መሆኑ ይቅር የሚል ነበር። ሜልበርን የምትገኝበት ክፍለ አገር ቪክቶሪያ ይህን ሥራ ላይ ያዋለችው በኅዳር 2023 ነው። ከ99ኙ ሟቾች አንዱ የዚያችው የባቡር ተሳፋሪ አጎት እንደነበር ልብ ይሏል። በ1991 ከእስረኞች 14 በመቶ የነበሩት ነባር ሕዝቦች ዛሬ ሲሶ ያህል ሆነዋል፤ ከአገሩ ሕዝብ ግን 4 በመቶ አይሞሉም።

«ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።»

ጽሑፉ አዎን፣ አንድ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ቅጣት ያልከፈለ ማንም ሰው ይታሰር ነበር፤ ገንዘብ ያለው ይከፍላል፣ የሌለው ይገባል። በ2014 ፖሊስ በፍቅር ጓደኛዋ ላይ በቀረበ አቤቱታ ወደ አንዲት የ22 ዓመት አቦሪጂናል ወጣት ቤት ሄደ። ቅጣት እንዳለባት ሲታወቅ እርሷም ታሰረች። አመመኝ ስትል ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ወስደው መለሷት፤ ፖሊሶቹ የምታስመስል መስሏቸው ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወስዷት ሞተች። ያልከፈለችው 3,622 ዶላር ነበር።