ሲላንት ምንድን ነው? የብስክሌት ጎማ ቀዳዳን ከውስጥ የሚደፍነው ፈሳሽ

ሲላንት በብስክሌት ጎማ ውስጥ ከአየሩ ጋር አብሮ የሚቀመጥ፣ ጎማው ሲበሳ ደግሞ በቀዳዳው ሊያመልጥ ሲል እዚያው ረግቶ የሚደፍነው ፈሳሽ ነው። ብዙዎች የሚገዙት ጎማው እንዳይበሳ የሚያደርግ መስሏቸው ነው። አያደርግም። እሾሁ እንደ ወትሮው ይገባል፣ ቀዳዳውም ይፈጠራል፤ የማያስፈልገው ከብስክሌት ወርዶ መጠገኑ ብቻ ነው። ሲላንት ያለበት ጎማ ዓመት ከሠራ በኋላ ሲፈታ ባለቤቱ ከቶ ሳያውቃቸው የተደፈኑ ቀዳዳዎች የሚገኙበትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከወፍራም ጎማ ወይም ከመከላከያ ንጣፍ ጋር አንድ ላይ መቁጠሩ ያሳስታል። እነዚያ በውፍረታቸው ይመክታሉ። ሲላንት ግን የሚሠራው የቀዳዳው ስፋት፣ የቀዳዳው ቦታና የጎማው ግፊት ሲፈቅዱለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተዛባ የቱንም ያህል ውድ ፈሳሽ ቢሆን አይደፍንም።

ቀዳዳው ላይ ምን ይሆናል?

ጎማው ሲሽከረከር ፈሳሹ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስለዚህ መሬት በሚነካው ክፍል ውስጠኛ ገጽ ላይ ዙሪያውን ተለጥፎ ይገኛል። እሾህ ሲገባና ሲወጣ አየሩ በቀዳዳው ይሮጣል፣ ፈሳሹንም ይዞት ይሄዳል። በፈሳሹ ውስጥ ደቃቅ ቃጫና ብናኝ አለ። መጀመሪያ ትልልቆቹ ቀዳዳው ላይ ይሰነቀራሉ፣ ትንንሾቹ ከኋላቸው ይደራረባሉ፤ ጎርፍ ያመጣው ጭራሮና ቅጠል የቱቦ አፍ ላይ ተጠራቅሞ ውኃውን እንደሚያቆመው ማለት ነው። ከውጭ የሚታየውና የሚሰማው አጭር ነው፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅ፣ ከጎማው ላይ የሚንጠባጠብ እርጥበት፣ ጥቂት አረፋ፣ ከዚያ ዝም።

በገበያ ላይ በብዛት ያሉት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ጠባያቸውም የተለያየ ነው።

አንደኛው ላቴክስ ያለበት ነው። ላቴክስ ከጎማ ዛፍ የሚገኝ ወተት መሳይ ፈሳሽ ሲሆን፣ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳይረጋ ብዙ ጊዜ አሞኒያ ይጨመርበታል፤ ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የዚህ ነው። ቀዳዳው ላይ ሲደርስ የጎማ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው እውነተኛ ጠጣር ጎማ ይሆናሉ። ድፍኑ ጠንካራ ነው። ጉዳቱ ጎማው ውስጥ ተቀምጦም ቀስ በቀስ መድረቁ ነው፤ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ መታደስ አለበት፣ ሙቀትና ደረቅ አየር ባለበት ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛው ግላይኮል የሚባለውን ኬሚካል መሠረት ያደረገ፣ ብዙ ጊዜ ደማቅ አረንጓዴ የሆነ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ይህ ወደ ጎማነት አይለወጥም፤ ቀዳዳውን የሚይዘው ቃጫው ተወትፎበት ነው። ጥሩው ነገር እስከ 2 ዓመት ድረስ ሳይደርቅ መቆየቱና በውኃ መታጠቡ ነው። ድፍኑ ግን እንደ ላቴክሱ አይጸናም፤ ጎማው ሲነፋ ወይም ውስጡ ሲንቀሳቀስ ውታፉ ሊነቀልና እንደገና ሊያፈስ ይችላል።

ምርጫው ከባድ አይደለም። የውስጥ ጎማ፣ ማለትም ከመነዳሪ፣ ላለው ብስክሌት ግላይኮሉ ይሻላል። ከመነዳሪ የሌለው፣ ቲዩብለስ የሚባለው ጎማ ግን ላቴክሱን ይፈልጋል፤ የውጭው ጎማ ከቸርኬው ጋር የሚገጥምበትን ጠርዝና የጎማውን ግድግዳ ጥቃቅን ክፍተቶችም የሚዘጋለት እርሱ ነው። ላቴክስ ከመነዳሪ ውስጥ ቢጨመርም ይሠራል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ተጋግሮ ወይም ተጠቅልሎ ይቀራል፣ የሚያወጣውም የለም።

የሚደፍነውና የማይደፍነው

በከመነዳሪ ውስጥ ሲላንት በእርግጠኝነት የሚደፍነው እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ቀዳዳ ነው። እሾህ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ደቃቅ የጠርሙስ ስባሪ፣ ትንሽ ሚስማር በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቲዩብለስ ላይ ከዚህ ሰፋ ያለውንም ይይዛል፤ እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሉ አምራቾች አሉ፣ ከ4 ካለፈ ግን የገመድ ቁራጭ የሚመስለውን የጎማ መወተፊያ ከውጭ መጨመሩ አስተማማኝ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከተበሳው ጎማ ጠባይ ነው። ከመነዳሪ ስስና የተለጠጠ ስለሆነ ቀዳዳው ሲነፋ ይበልጥ ይከፈታል፤ ከዚያም ላይ ከውጭው ጎማ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ስለሚንሸራተት ውታፉ እረፍት የለውም። የቲዩብለሱ ወፍራም ግድግዳ ግን እሾሁ ሲወጣ ራሱ መለስ ብሎ ይጠባል።

ቦታው ከስፋቱ እኩል ወሳኝ ነው። ፈሳሹ ወደ ውጭ ስለሚገፋ በቸርኬው በኩል የሚገኝ ቀዳዳ አይደርሰውም። ረጅም ሚስማር ከመነዳሪውን ከላይ በስቶ በታች በኩል ከወጣ የላዩ ተደፍኖ የታችኛው ማፍሰሱን ይቀጥላል። የቸርኬው ሽቦ ጫፍ ወይም የተንሸራተተ የቸርኬ ውስጥ ሪባን የሚያመጣው ቀዳዳም እንዲሁ ነው። አየር የሚገባበት አፍ፣ የቫልቩ፣ ሥር ከተቀደደ ደግሞ ከመነዳሪውን ከመለወጥ በቀር መላ የለውም። የጎማው ጎን በስለት ከተሰነጠቀ ፈሳሹ በስንጥቁ ይፈሳል እንጂ አይረጋም።

ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ግን "የእባብ ንክሻ" የሚባለው ነው። ግፊቱ ያነሰ ጎማ የድንጋይ ጠርዝ ወይም ጉድጓድ ሲመታ ይጨፈለቅና ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው ሁለት ከንፈሮች መካከል ይቆነጠጣል። ሲወጣ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታዩበታል፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ሁለቱም ክብ ሳይሆኑ ስንጥቅ ናቸው፣ የሚገኙትም ወደ ቸርኬው ጠጋ ብለው ነው፤ ሲላንት አብዛኛውን ጊዜ አይችላቸውም። እዚህ ላይ ሲላንት ራሱ ጥፋት ሊያመጣ ይችላል፦ "ፈሳሽ አለበት" ተብሎ ግፊት መለካት ይረሳል፣ ጎማው እየለሰለሰ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ይቆነጠጣል። የእባብ ንክሻ መድኃኒቱ ግፊት ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ አይቶ በሳምንት አንዴ በመለኪያ ማየት ይበቃል። በአውራ ጣት መጫን መለካት አይደለም፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው፣ 3 ባርና 5 ባር ለጣት ልዩነታቸው እምብዛም ነው።

ግፊት በሌላ በኩልም ይነካዋል። ለተራራ መንገድ የሚሆነው ሰፊ ጎማ 2 ባር አካባቢ ስለሚነዳ አየሩ በቀዳዳው የሚወጣው በዝግታ ነው፣ ቃጫውም ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። 6 ባር የተነፋ ቀጭን ጎማ ግን ፈሳሹን ሳይረጋ አስፈንጥሮ ያወጣዋል። እንዲህ ያለ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚደፈነው ግፊቱ ወደ 2 ወይም 3 ባር ከወረደ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወደ ቀድሞው ልክ በአንዴ ቢነፋ ድፍኑ ይፈነቀላል። በለሰለሰው ጎማ በዝግታ ነድቶ መድረስና ቤት ሲደርሱ ደረጃ በደረጃ መንፋት ይሻላል።

አጨማመሩ

መጀመሪያ ቫልቩን ማየት ነው። እንደ መኪና ያለው ወፍራሙ ቫልቭ፣ ሽሬደር፣ በመሃሉ ያለችው መርፌ በትንሽ መፍቻ ትወጣለች። ቀጭኑ፣ ፕሬስታ፣ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ በግራና ቀኝ የተሞረደ ጠፍጣፋ ገጽ ካለው መርፌው ተፈቺ ነው፣ ሁለመናው ክብ ከሆነ ግን አይፈታም፤ ሲላንት ለመጨመር ከመነዳሪውን በሌላ መለወጥ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ዓይነት፣ የዱንሎፕ ቫልቭ፣ አንገቱ ላይ ያለው ቀለበት ሲፈታ ውስጡ ተስቦ ይወጣል።

ጎማው ሙሉ በሙሉ ይተነፍስ፤ የተነፋ ጎማ መርፌዋን ከእጅ አስፈንጥሮ ሊያጠፋት ይችላል። መንኮራኩሩ ዞሮ ቫልቩ ከመሃሉ ዘንግ ትንሽ ዝቅ ብሎ በጎን በኩል ይሁን፤ ከታች በትክክል ከሆነ የገባው ፈሳሽ ተመልሶ ቱቦውን ይሞላል። ጠርሙሱ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ በኃይል ይናጥ። ይህ ለወግ የሚደረግ አይደለም፤ ቃጫው ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ሳይናጥ የተቀዳው ፈሳሽ የሚደፍነው ነገር የለውም፣ የሚሠራው ዝቃጭ ጠርሙሱ ሥር ይቀራል።

ልኩ በጎማው ስፋት ነው። ለ26 ኢንች ሰፊ ከመነዳሪ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ለቀጭን የመንገድ ከመነዳሪ የዚህ ግማሽ ያህል ይበቃል። ቲዩብለስ ላይ ለ28 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ30 እስከ 45፣ ለ40 ሚሊ ሜትር 60 አካባቢ፣ ለ29 በ2.3 ኢንች ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። አዲስ የቲዩብለስ ጎማ ግድግዳው ስለሚመጥ በመጀመሪያው ጊዜ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ልክ ካለ እርሱ ይበልጣል። ማብዛት ጥቅም የለውም፤ 100 ሚሊ ሊትር 100 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ብስክሌቱ ቆሞ ሲያድር ሁሉም ወደ ታች ይሰበሰብና መንዳት ሲጀመር ጎማው ለጥቂት ጊዜ ይንገጫገጫል።

ከተጨመረ በኋላ የቫልቩ ቱቦ እስኪንጠፈጠፍ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠበቅ፣ አፉ በጨርቅ ይጠረግ፣ መርፌዋ ትታሰር። ሲነፋ ቫልቩ ወደ ላይኛው ክፍል ይዙር፤ አለበለዚያ ፈሳሹ ወደ ፓምፑና ወደ መለኪያው ይገባል፣ ብዙ መለኪያ የሚሞተውም በዚህ ነው። ወዲያው መንኮራኩሩ ይሽከረከር፣ ወይም ለጥቂት ደቂቃ ይነዳ።

ሲበሳ

ሽሽሽታው ሲሰማ እሾሁን ፈልጎ ማውጣት ይገባል። ከመነዳሪ ላለው ጎማ እሾሁን መተው አይመከርም፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ጫፉ ከመነዳሪውን ይፍቀዋል፣ አንዱን ቀዳዳ ሦስት ያደርገዋል። እንደወጣ ቀዳዳው ወደ ታች ይዙር፣ ፈሳሹ እንዲሰበሰብበት ጥቂት ሰከንድ ይጠበቅ፣ ከዚያ ይነዳ። አረፋው ካልቆመ ጣት አስደግፎ ግማሽ ደቂቃ መያዝ ይረዳል። አሁንም ካልሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል ወይም ፈሳሹ አልቋል።

ፈሳሹ መኖሩን ለማወቅ መንኮራኩሩን ከብስክሌቱ አውጥቶ ጆሮ አጠገብ መነቅነቅ ነው፤ ሲንቦጫቦጭ ይሰማል። የላቴክሱ ሲደርቅ የሚሰማው ድምፅ የለም፣ ወይም የተጠቀለለ የጎማ ኳስ ሲንከባለል ይሰማል።

ከሚያጋጥሙት እክሎች በብዛት የሚታየው የቫልቭ መዘጋት ነው። ፓምፑ አልገባ ይላል፣ ሰውም ፓምፑን ይከሳል። መርፌዋ ወጥታ ስትታይ ላቴክስ ተጋግሮባት ይገኛል፤ ተልጦ ይነሳል፣ ካልሆነ መርፌዋ ትለወጣለች። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥይት፣ ማለትም የታመቀ ጋዝ በያዘች ትንሽ ጣሳ፣ መንፋትም አንዳንዱን ላቴክስ ያረጋዋል፤ ሌላ አማራጭ ከሌለ ቫልቩን ወደ ላይ አድርጎ ፈሳሹ ከታች እስኪሰበሰብ ጠብቆ መንፋት ጉዳቱን ይቀንሳል። የሁለት አምራቾችን ፈሳሽ መቀላቀልም ጎማ ውስጥ ወዲያው የረጋ ጓል ሊፈጥር ስለሚችል አሮጌው ታጥቦ ይውጣ።

ሲላንት ያለበትን ከመነዳሪ መለጠፍ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፈሳሹ በቀዳዳው እያዠ ማስቲሹን ያስለቅቀዋል። ስለዚህ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን ተይዞ አየሩ ሁሉ ይውጣ፣ ዙሪያው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ። ማስቲሹ በስሱ ተቀብቶ ብልጭታው እስኪጠፋ 5 ደቂቃ ያህል ይጠበቅ፣ ልጣፊውም ያኔ ተጭኖ ይያዝ። ከመነዳሪው ከመመለሱ በፊት የውጭው ጎማ ውስጥ በጨርቅ ይዳሰስ፤ ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ ላይ የተሰበረ የእሾህ ጫፍ ወይም ሩዝ የማታክል የጠርሙስ ስባሪ አለች፣ በፒንሳ ካልወጣችም አዲሱን ልጣፊ ትበሳዋለች።