የጓያ እንፋሎት ሽባ አያደርግም፦ ስለ ነርቭ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

«ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ የነካው ሰው እግሩ ይታሰራል»

ወሎ ውስጥ ጓያ ሲንተከተክ ከምድጃው የሚርቅ፣ ገለባው ላይ የማይተኛ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ጉዳቱ ግን የሚመጣው በመብላት ብቻ ነው። ጓያ ለሁለትና ሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን ፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ከአንጎል በሕብለ ሰረሰር (በጀርባ አጥንት ውስጥ በሚወርደው የነርቭ ገመድ) በኩል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን የነርቭ ሴሎች ይጎዳል። እግር ይገተራል፣ ጉልበት ከጉልበት ይፋተጋል፣ በሽተኛው በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። ቆዳው ግን ይሰማዋል፣ አእምሮውም ደህና ነው። የተጎዳው መስመር እግሩ ላይ ስላልሆነ ወጌሻ ቢያሸው አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ወሎ ባለው ደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው የተጎዳው ሌላው ሰብል ጠፍቶ ጓያው ስለተረፈ ነው።

መርዙ በውሃ ይሟሟል። ስለዚህ ጓያውን በብዙ ውሃ አሳድሮ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ይጠቅማል። በዘፈዘፉበት ውሃ መልሶ መቀቀል ግን ትርፉ ድካም ነው። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ከሽሮው ይከፋሉ።

«ከአንጎላችን የምንጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው»

ሐሰት። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ የሆነው አንጎል ከምናቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ሥራ ፈት እንዲህ አይቀለብም።

«ከጀርባ ፈሳሽ የተወሰደበት ሰው ሽባ ይሆናል»

ማጅራት ገትር ተጠርጥሮ ቤተሰብ «መርፌው ይቅርብን» የሚለው በዚህ ፍራቻ ነው፤ የሚገድለው ግን መዘግየቱ ነው። የአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው፤ ሐኪሙ ቦታውን የሚለየው የዳሌ አጥንቶችን ጫፍ በእጁ ዳስሶ ነው። እዚያ ያሉት በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ሥሮች ናቸው፤ መርፌ ሲመጣ ገለል ይላሉ። ፈሳሹም አያልቅም፦ በአንድ ጊዜ ያለን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን ሰውነት በቀን 500 ያህል ያመርታል፤ የሚቀዳው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ለቀናት ራስ ሊያም ይችላል፤ እሱ እውነት ነው።

«ሥጋ ደዌ ጣት ይቆርጣል»

ባክቴሪያው አንጎልንም ሕብለ ሰረሰርንም አይነካም፤ የሚያጠቃው ለቆዳ ቅርብ የሆኑትን ነርቮች ነው። ከክርን ጀርባ የሚያልፈው ሲጎዳ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ይደነዝዛሉ፣ ይቆለመማሉ። የደነዘዘ እጅ ትኩስ ጀበና ቢያቃጥለው አይሰማውም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱ እየተመናመነ ጣቱ ያጥራል። መድኃኒቱ እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ቢገድልም ቆይቶ የደነዘዘ እግር ላይነቃ ይችላል። ስለዚህ ውስጥ እግርን ማታ ማታ በዓይን ማየት፣ ጫማ ከመልበስ በፊትም ጠጠር ወይም ሚስማር እንዳለበት በእጅ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ እጁም ከደነዘዘ ሌላ ሰው ይፈትሽለት።