ጆሮ መደፈን ምንድን ነው? ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ የሚሰማን

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የወረደ ሰው ያውቀዋል። የሐረጎ ጥምዝምዝ ላይ ጆሮ ጭው ማለት ይጀምራል። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ወሬ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል «ምን አልክ?» የሚል አይጠፋም። ከዚያ አንዱ ያዛጋል፣ ጆሮው ጧ ይላል፣ ድምፁም ይመለሳል።

ብዙ ሰው ጆሮው ሲደፈን የሆነ ነገር የገባበት ይመስለዋል። ጣቱን ይሰዳል፤ አንዳንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዳንዱ ቁልፍ። ችግሩ ግን በዚያ በኩል አይደለም። ያለው ከጆሮ ታምቡር ወዲያ፣ በጉሮሮ በኩል ነው።

ከታምቡሩ ጀርባ አየር የያዘች ትንሽ ክፍተት አለች፤ መካከለኛው ጆሮ ትባላለች። ከዚህች ክፍተት ተነስቶ ከአፍንጫ ጀርባ ጉሮሮ አናት ላይ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ አለ። ሐኪሞች ኢውስታኪያን ቱቦ ይሉታል። በአዋቂ ሰው 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ምራቅ ስንውጥና ስናዛጋ ለቅጽበት ይከፈትና የውስጡን አየር ከውጭው ጋር ያስተካክላል። ይህን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ አንሰማውም።

ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። የአየሩ ግፊት ወደ 8 በመቶ ይጨምራል። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ደሴ ላይ ሃይላንድ ውሃ ጠጡና ባዶውን ፕላስቲክ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጎኑ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። ውስጡ ያለው የደሴ ስስ አየር ነው፤ ከውጭ የሚገፋው ደግሞ የኮምቦልቻ ከበድ ያለ አየር። ታምቡራችንም እንደዚያው ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ስለሚወጠር እንደልቡ አይርገበገብም፤ ድምፅ ይታፈናል፣ ሲብስም ያማል።

ወደ ደሴ ሲወጣስ? ያን ያህል አያስቸግርም። ሽቅብ ስንሄድ በውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ቱቦውን ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ቁልቁል ሲሆን ግን አየሩ መግባት አለበት፤ ቱቦውን የሚከፍተው የእኛ መዋጥ ነው። የተኛ ሰው ደግሞ ብዙ አይውጥም። ስለዚህ ወዳጃችሁ እንቅልፍ ከወሰደው ሐረጎ ሳትደርሱ ቀስቅሱት። ሕፃን የያዘች እናት ቁልቁለቱ ላይ ጡት ብታጠባ ልጁ እየዋጠ ይወርዳል። ለሌላው ማስቲካ ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ቆሎን የሚያህል የለም፤ ማኘክ አለው፣ መዋጥ አለው፣ ለጎረቤትም ይተርፋል።

ይህም ካልበቃ አፍና አፍንጫን ዘግቶ ቀስ ብሎ መንፋት ነው። ዘዴው ቫልሳልቫ በተባለ ጣልያናዊ ሐኪም ስም ይጠራል፤ ሰውዬው በ1704 እ.ኤ.አ. ስለ ጆሮ ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። ቀስ ብሎ የሚለው ይሰመርበት። በኃይል ከተነፋ ታምቡርን ሊጎዳ ይችላል። አፍንጫን ይዞ ምራቅ መዋጥም ይሠራል፤ እሱ ደግሞ ለስለስ ያለ ነው።

በአውሮፕላን ጅዳ ወይም ዱባይ ለሚሄዱ የወሎ ልጆች ነገሩ ጠንከር ይላል። በትልልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አየር አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው እንዲሆን ይደረጋል። እንግዲህ ደሴ ቤቱ ቁጭ ያለ ሰው የሚተነፍሰው አየር አውሮፕላን ውስጥ ካለው የሳሳ ነው! ጅዳ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ያለው የግፊት ለውጥ ከኮምቦልቻው ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። ለማረፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር መንቃትና መዋጥ መጀመር ነው፤ እስኪያም መጠበቅ አያስፈልግም።

ጉንፋን ወይም ሳይነስ ሲኖር ቱቦው ያብጣል። ያኔ ጆሮ ኮምቦልቻ ከተደረሰ በኋላም ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ሳይከፈት ይቆያል። ከፋርማሲ የሚገዛ የአፍንጫ ጠብታ ለጊዜው ይረዳል፤ ግን ከጥቂት ቀን በላይ ከተዘወተረ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል።

ከዚህ የተለየው የኩክ መደፈን ነው። መንገድም ጉንፋንም ሳይኖር፣ ብዙ ጊዜ ከታጠቡ በኋላ ይመጣል፤ ቢውጡም ቢያዛጉም ለውጥ የለውም። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ኩኩን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ጥቂት ጠብታ የወይራ ዘይት ለተወሰኑ ቀናት ቢደረግ ያለሰልሰዋል። የሞቀ ዘይት ግን ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርት መወተፍም ይቅር። ጆሮው የሚመግል ከሆነ ወይም ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው ምንም ነገር አይጨመርበት። የሚያጥበውም ባለሙያ ይሁን፤ ውሃው በሰውነት ሙቀት ልክ ካልሆነ ራስ ያዞራል።

መግል ወይም ደም ከወጣ፣ ዓለም ከዞረባችሁ፣ ወይም መደፈኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ መታየት ያስፈልጋል። ከሁሉም አስቸኳዩ ግን አንድ ጆሮ ያለ ምንም ምክንያት ድንገት መስማት ሲያቆም ነው። መደፈን ብቻ ሊመስል ይችላል፤ የመስሚያው ነርቭ ተጎድቶ ሊሆንም ይችላል። የዚህ መድኃኒት በቀናት ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚረዳው። «ነገ ይለቀኛል» ሳይባል በዚያው ቀን የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ይኬድ።