ሳሙናው ከምግብ በፊት ይቅረብ

በጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከታካሚ አፍ የምሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ግሉኮስ ይሰካልኝ»፣ «የሚያበረታ መርፌ ይታዘዝልኝ»። ድካም የተሰማው፣ ምግብ ያስጠላው፣ ልጁ የከሳበት ሁሉ መድኃኒቱ ከላስቲክ ከረጢት ተንጠልጥሎ የሚወርድ ይመስለዋል። ስለ ሳሙና፣ ስለ መስኮት፣ ቡና ስለሚጠጣበት ሰዓት መናገር ስጀምር ፊቱን ያዞራል። ርካሽ ነገር የመከርኩት ስለናቅሁት ይመስለዋል። ለዚህ ነው በየቀኑ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች እዚህ ላይ ለመጻፍ የተነሣሁት። ከሚከተሉት ምክሮች መካከል አብዛኞቹ ምንም ወጪ አይጠይቁም፤ የቀሩትም ከአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ ብዙ አይርቁም።

«ሐበሻን ጀርም አይገድለውም።» ይገድለዋል። ተቅማጥ ዛሬም አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ከሚቀጥፉ ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው። አባባሉን የሚደጋግሙት በሕይወት የተረፉት ናቸው፤ ያልተረፉት መጥተው አይመሰክሩም።

«የጠራ ውሃ ንጹሕ ነው።» አይደለም። የታይፎይድም ሆነ የኮሌራ ጀርም ውሃውን አያደፈርሰውም። አፍልቶ ወይም በውሃ ማከሚያ አክሞ፣ አፉ ጠባብ በሆነና በሚከደን ዕቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

«ጥርስ የሚፋቀው ጠዋት ነው።» ጠዋት መፋቅ መልካም ነው፣ መፋቂያም በአግባቡ ከያዙት ጥሩ መሣሪያ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማታው ነው፤ በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ ላይ የቀረ ምግብ እስኪነጋ ድረስ ይሠራበታል። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ከተቦረሹ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውሃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «ሳሙና ከምግብ በኋላ ነው።» ይህን አፍ አውጥቶ የሚከራከር ሰው ጥቂት ነው፤ በተግባር ግን አገሩ ሁሉ የሚመራው በዚህ እምነት ነው። ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ምግብ ሊቀርብ ሲል አስታጣቢው ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ ይዞራል። እንግዳው የጣቶቹን ጫፍ አርጥቦ «ይበቃኛል፣ ተባረክ» ይላል። ሳሙናው በማስቀመጫው እንዳለ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ያልፋል፤ የሚያነሣው የለም። ምግቡ አልቆ ማንቆርቆሪያው ዳግመኛ ሲመጣ ግን ሁሉም ሳሙና ይፈልጋል። እጅ እስከ አንጓ ድረስ ይታሻል፣ የጥፍር ሥር ሳይቀር ይፈተጋል፣ ታጥቦ ሲያበቃም ጠረኑ መልቀቁን ለማረጋገጥ ይሸተታል። ምግብ ቤት ውስጥም ከዚህ የተለየ ነገር አላየሁም። የበለጠ የሚያበሳጨኝ ደግሞ በጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ላይ እንኳ በምሳ ሰዓት ይኸው መደገሙ ነው። ጠዋት ስለ እጅ መታጠብ ያስተማረው አሠልጣኝ ቀትር ላይ ጣቱን በውሃ ነክሮ ወደ ትሪው ይቀመጣል።

ይህ እንዴት እንደመጣ መረዳት አያስቸግርም። የወጡ ቅባት ይታያል፤ የቅቤውና የሽንኩርቱ ጠረን ይሸታል። ከታክሲ ረዳት የተቀበልነው ብር፣ የከፈትነው በር፣ የጨበጥነው እጅ፣ የሕፃኑ የሽንት ጨርቅ በእጃችን ላይ የሚተዉት ነገር ግን አይታይም፣ አይሸትም። ስለዚህ ሸሚዛችንን የሚያበላሸውን እናጥባለን፤ ሆዳችን የሚገባውን እንተወዋለን። በሹካ የሚበላ ሕዝብ ብንሆን ጉዳቱ በቀነሰ ነበር። እኛ የምንበላው በእጃችን ነው፤ ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን፣ እንጎራረሳለን። ጉርሻን እወደዋለሁ፣ ማንም እንዲያስቀረውም አልፈልግም። ሽማግሌ አባትን ወይም ገና ምግብ የጀመረ ሕፃንን የሚያጎርስ እጅ ግን በቤቱ ውስጥ ካሉት እጆች ሁሉ የጸዳ መሆን አለበት።

«ውሃ ያጸዳል እኮ» ይሉኛል። ውሃ አቧራ ያወርዳል። ጀርሙ የሚቀመጠው በቆዳችን ላይ ባለው ስስ ቅባት ውስጥ ነው፤ ውሃና ቅባት ስለማይዋሐዱ ውሃው በላዩ ተንሸራትቶ ያልፋል። ሳሙና በአንድ በኩል ቅባትን፣ በሌላ በኩል ውሃን የሚይዝ ባሕርይ አለው። እጅ ሲታሽ ቅባቱን ከነጀርሙ ነቅሎ ከውሃው ጋር ይጠርገዋል። እንደ ኮሮና ያሉ ሽፋናቸው ከስብ የተሠራ ቫይረሶችንማ ሽፋናቸውን አፍርሶ ከጥቅም ውጪ ያደርጋቸዋል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሃያ ሰከንድ ያህል ማሸት ነው፤ መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት፣ የጥፍር ሥር። ውሃው የግድ መሞቅ አያስፈልገውም፤ ቀዝቃዛውም ያው ነው። እጅን በሳሙና የመታጠብ ልማድ ተቅማጥን ከሦስት አንዱን ያህል እንደሚቀንስ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በዚህ ዋጋ ይህን ያህል የሚሠራ መድኃኒት በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ አላውቅም።

«ታዲያ ጀርም የሚገድለው ውድ ሳሙና መሆን አለበት» የሚሉም አሉ። አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ጀርም ገዳይ የሚባሉት የቤት ሳሙናዎች ከተራው ሳሙናና ውሃ የተሻሉ ስለመሆናቸው በቂ ማስረጃ አልቀረበም ብሎ 19 ንጥረ ነገሮችን ከእነዚህ ሳሙናዎች አግዷል። የልብስ ሳሙና ይበቃል። ከተራው ሳሙና ላይ የቀረችው ቁራጭም ትበቃለች።

ልጇ በተደጋጋሚ በተቅማጥ የሚታመምባት አንዲት እናት ነበረች። ደካማ ኑሮ አልነበራትም፤ ለልጁ የታሸገ ውሃ ትገዛ ነበር። ቤቷ ሄጄ ሳይ ሳሙናው ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ጋር ጓሮ ተቀምጧል። ልጁን የሚያጎርሱት አያቱ ናቸው። «እማማ፣ ሲያጎርሱት በሳሙና ይታጠባሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ሳሙናማ ኋላ ቅባቱን ማስለቀቂያ ነው» አሉኝ። አልተቆጣኋቸውም፤ ሲያድጉ ያዩት ይህን ነው። አንድ ሳሙና ለሁለት ቆርጠን አንዱን መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ፣ ሌላውን ምግብ የሚቀርብበት ቦታ አደረግነው። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ወደ እኛ የሚመጣው ለክብደት ልኬት ሆነ።

ቦታው ነው ቁም ነገሩ። ሳሙና ሁለት ቦታ ካለ ሰው ይታጠባል፤ ፈልጎ ማምጣት ካለበት አይታጠብም። ሳሙናው እንዳይጠፋ ሽንኩርት የሚሸጥበትን መረብ ቁራጭ ቦርሳ አድርጎ ማንጠልጠል ይቻላል። ዱቄት ሳሙና በጥቂቱ በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ክዳኑን በምስማር መብሳትም ያገለግላል፤ አንድ ትንሽ ፓኬት ለረጅም ጊዜ ይበቃል። ቧንቧ የሌለው ቤት ከሥሩ የተበሳ ጄሪካን በመጸዳጃው በር ላይ ይስቀል። ቤተሰብ ሲሰበሰብ ደግሞ አስታጣቢውን ልጅ ሳሙናውን አስቀድሞ እንዲያቀርብ አስተምሩት። በማዕድ ላይ መጀመሪያ የሚታጠቡት ታላላቆች ናቸውና እነሱ ሳሙናውን ካነሡ የሚከተለው ሁሉ ያነሣል። ሕፃናት በትምህርት ቤት የሚማሩትን ቤት መጥተው የሚተዉት ታላላቆቻቸው ሲያደርጉት ስለማያዩ ነው።

አቅም የለንም የሚለውን መልስ አልቀበልም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በየባንኩ፣ በየሱቁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና ተቀምጦ ነበር። ማንም ሳይታጠብ አይገባም ነበር። ዛሬ በርሜሎቹ ደርቀው ቆመዋል፣ የተነሡም አሉ። ተቅማጡ ግን የትም አልሄደም።

በጠዋት የሕፃናትን ፊት ማጠብም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ኢትዮጵያ ትራኮማ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት። በሽታው ከዓይን አር በዝንብ፣ በጣትና በጋራ ፎጣ ይተላለፋል። የልጆችን ዓይን ሁሉ በአንድ ነጠላ ጫፍ መጥረግ ፍቅር ነው፣ በሽታውንም ከልጅ ወደ ልጅ ያደርሳል። አንድ ኩባያ ውሃ አንድ ፊት ያጥባል።

«መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል።» በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። አሥራ ምናምን ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ አንዱ እያሳለ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ተሸፍኖ መስኮት የከፈተ ሰው እንደ ወንጀለኛ ይታያል። ብዙ ሰው የሳንባ ነቀርሳም በብርድ የሚመጣ ይመስለዋል። ሮበርት ኮክ የበሽታውን ባክቴሪያ ለይቶ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ ብርድ አይደለም። የሚተላለፈው የታመመ ሰው ሲያስል ወይም ሲናገር ወደ አየር በሚወጣው ረቂቅ ጠብታ ነው። በተዘጋ ቦታ ይህ አየር ለሰዓታት ተጠራቅሞ ይቆያል፤ መስኮት ሲከፈት ይበተናል። አገራችን በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ስለሆነች ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። የበረደው ሰው ጋቢ ይልበስ፣ መስኮቱ ይከፈት። በቤትም፣ በመማሪያ ክፍልም፣ ሕመምተኛ በተኛበት ክፍልም እንዲሁ ነው። በተለይ አራስ ቤት! አራሷንና ጨቅላውን በተዘጋ ቤት፣ በጠያቂ ብዛት መካከል ማፈን ከብርድ የባሰ ያሳምማቸዋል።

ከመስኮት ሳንወጣ፣ «ከሰሉ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» የሚለውን አንሥቼ ልለፍ፤ ሰው ስለሚሞትበት በዝምታ አላልፈውም። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስ አይደለም፣ ሽታም ቀለምም የለውም። የሚወጣውም ከሰሉ ቀልቶ፣ ጭሱ ጠፍቶ በሚያምርበት ጊዜ ጭምር ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጨብጠዋል። ቡና ሲፈላ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ጠረኑ አይደለም ያመማችሁ፤ ወደ ውጭ ውጡ። በክረምት ሌሊት ማንደጃ ከጎን አድርጎ መተኛት በፍጹም አይገባም፤ ከመኝታ በፊት ደጅ ይውጣ።

«ልጁን በመስኮት ፀሐይ እያሞቅሁት ነው።» በኮንዶሚኒየም ከሚኖሩ እናቶች አዘውትሬ የምሰማው ነው። ቆዳ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገው የፀሐይ ጨረር መስታወት አያልፍም። ልጁ ሞቀው ማለት አጥንቱ ተጠቀመ ማለት አይደለም። በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ወርዶ፣ እጅና እግሩ ተገልጦ፣ ዓይኑ ተከልሎ በጠዋት ፀሐይ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆይ። ቅቤም ሆነ ቅባት መቀባቱ ለዚህ ጉዳይ ምንም አይጨምርም። የሰው ዓይን የሚፈሩ እናቶች ፊቱን ሸፍነው እጅና እግሩን ቢገልጡለትም ይበቃል።

«ጤፍ ብረት አለውና የደም ማነስ አይዘንም።» ጤፍ ሲለካ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት በቀላሉ አይጠቀምበትም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ብረቱን ይዞ የሚያስቀረው ፋይቲክ አሲድ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለእርሾው ጊዜ መስጠት ትርፍ አለው። የሚያሳዝነው ግን ምግቡ ሳይወርድ ሻይ ወይም ቡና መጠጣታችን ነው። በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ከሽሮው፣ ከምስሩና ከእንጀራው የሚገኘውን ብረት አስሮ ያስቀረዋል፤ ሻይ ደግሞ ከቡና ይብሳል። ነፍሰ ጡሮች የምንሰጣቸውን የብረት እንክብል በሻይ ሲውጡ አይቻለሁ። ቡናውን ማንም አይተው፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ይዘግይ። በማዕዱ ላይ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ይኑር፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳዋል።

የመጨረሻው ጨው ነው። «አዮዲን ያለው ገዝቻለሁ፣ ከእንቅርት ድኛለሁ» የምትል ባለቤት ጨውዋን ክፍት ጣሳ ውስጥ አድርጋ ከምድጃው አጠገብ ታኖረዋለች። በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በመንግሥት ደንብ ግዴታ ሆኗል፤ አዮዲኑ ግን በሙቀት፣ በብርሃንና በእርጥበት ይባክናል። በሚከደን ዕቃ አድርጋችሁ ከእሳት አርቁት፣ በእርጥብ ማንኪያ አትጭለፉት፣ ወጡ ላይ የምትጨምሩትም ሊወጣ ሲል ይሁን።